ጽንፈ ዓለም በየአቅጣጫው እኩል እየፈጠነ ነውን?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ የሁለተኛ ደረጃ የፊዚክስ መምህር ነኝ። ጽንፈ ዓለም እየሰፋ መሆኑን፣ የሚሰፋበትም ፍጥነት ከጊዜ ወደ ጊዜ እየጨመረ መሄዱን ሳስረዳ አንድ ተማሪዬ እጁን አውጥቶ፣ «መምህር፣ ፍጥነቱ የሚጨምረው ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ነው የሚሉ ሳይንቲስቶች አሉ፤ እውነት ነው?» ሲል ጠየቀኝ። በእጄ ባሉት መጻሕፍት «በሁሉም አቅጣጫ እኩል ነው» የሚል ቃል እንጂ ይህ እንዴት እንደታወቀ የሚያስረዳ ነገር ስላላገኘሁ፣ «አጣርቼ እነግርሃለሁ» ብዬ አለፍኩት። ቃሌን እንድጠብቅ ብትረዱኝ ደስ ይለኛል።
መምህር፣ ከደሴ

መልስ፦ የተከበሩ መምህር፣ እስካሁን በተለካው መጠን መልሱ «አዎ፣ እኩል ነው» የሚል ነው። ነገር ግን ተማሪዎ የሰማው ነገር ተራ ወሬ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2019 ከኦክስፎርድ፣ ከፓሪስና ከኮፐንሃገን የተውጣጡ አራት ተመራማሪዎች በአንድ የታወቀ የሥነ ፈለክ መጽሔት ላይ ልክ ይህንኑ የሚል ጽሑፍ አሳትመው ብዙ ክርክር አስነስተዋል። ወደ ክርክሩ ከመግባታችን በፊት ግን ብዙ ጊዜ እንደ አንድ የሚታዩ ሁለት ነገሮችን መለየት ያስፈልጋል፤ አንዱ መስፋት ነው፣ ሌላው ደግሞ የመስፋቱ መፍጠን ነው።

የአንድ መኪና ፍጥነት ቆጣሪውን አንድ ጊዜ በማየት ይታወቃል፤ መኪናው እየፈጠነ ወይም እየቀዘቀዘ መሆኑን ለማወቅ ግን ቆጣሪውን ቢያንስ በሁለት የተለያዩ ጊዜያት ማየት ግድ ነው። በጽንፈ ዓለምም እንዲሁ ነው። ዛሬ ያለው የመስፋት ፍጥነት በአቅራቢያችን ካሉ ጋላክሲዎች ሊለካ ይችላል፤ እያንዳንዱ 3.26 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ርቀት በሰከንድ 70 ኪሎ ሜትር ያህል ፍጥነት ይጨምራል። ፍጥነቱ መጨመር አለመጨመሩን ለማወቅ ግን የዛሬውን ከጥንቱ ማነጻጸር ያሻል፤ የጥንቱም የሚታየው ብርሃኑ ወደ እኛ ለመድረስ ቢሊዮኖች ዓመታት በፈጀበት፣ እጅግ ሩቅና ፈዛዛ በሆነ ነገር ላይ ነው። ስለዚህ «በየአቅጣጫው እኩል ይሰፋል ወይ?» የሚለው ጥያቄ ከባድ ቢሆንም፣ «በየአቅጣጫው እኩል ይፈጥናል ወይ?» የሚለው ደግሞ በየአንዳንዱ የሰማይ ክፍል ቅርቡንም ሩቁንም መለካት ስለሚጠይቅ ከዚያ ይብሳል።

የመፍጠኑ ዜና የተሰማው እ.ኤ.አ. በ1998 ነው። በሶል ፐርልሙተር የሚመራ አንድ ቡድን፣ እንዲሁም ብራያን ሽሚትና አዳም ሪስ የነበሩበት ሌላ ቡድን፣ የስበት ኃይል መስፋቱን ምን ያህል እንደሚያቀዘቅዘው ለመለካት ተነሥተው የተገላቢጦሹን አገኙ። መለኪያቸው ዓይነት አንድ-ኤ ሱፐርኖቫ የሚባለው የኮከብ ፍንዳታ ነበር። ይህ ፍንዳታ ተገቢው እርማት ከተደረገለት የትም ቢከሰት ድምቀቱ ተቀራራቢ በመሆኑ፣ አንድ ዓይነት አምፖሎች በጨለማ ሜዳ ላይ እንደተበተኑ ያህል ይቆጠራል፤ የደበዘዘው ሩቅ፣ የደመቀው ቅርብ ነው። ሩቆቹ ሱፐርኖቫዎች ከተጠበቀው በላይ ደብዝዘው ተገኙ፤ ማለትም መስፋቱ ባለፉት አምስትና ስድስት ቢሊዮን ዓመታት ገደማ ፍጥነት ጨምሯል። ሦስቱ ሰዎች እ.ኤ.አ. በ2011 የኖቤል ሽልማት ተሰጣቸው፤ ለዚህ ሁሉ ምክንያት የሆነው ነገር ምንነቱ እስከ ዛሬ ባይታወቅም «ጨለማ ኃይል» የሚል ስም ወጣለት።

አሁን ወደ አቅጣጫው እንሂድ። «እኩል አይደለም» ሲባል ሁለት በጣም የተለያዩ ነገሮች ማለት ሊሆን ይችላል፤ በእኔ አስተያየት በዚህ ርእስ ላይ የሚፈጠረው ግራ መጋባት አብዛኛው ሁለቱን ካለመለየት የሚመጣ ነው። ቆዳ የሚያለፋ ሰው ቆዳውን መሬት ላይ ዘርግቶ ዙሪያውን በችካል ሲወጥረው ያስቡ። ዙሪያውን እኩል ከሳበው በቆዳው ላይ ያሉት ነጠብጣቦች በየአቅጣጫው እኩል ይራራቃሉ። በአንገትና በጭራ በኩል አብዝቶ ከሳበው ግን በቁመት ያሉት በወርድ ካሉት ይልቅ ይራራቃሉ፤ እዚህ ላይ ልብ ይበሉ፣ በአንገት በኩልና በጭራ በኩል የሚታየው መራራቅ እርስ በርሱ እኩል ነው፣ ልዩነቱ በቁመትና በወርድ መካከል ነው። ይህ የመጀመሪያው ዓይነት ነው።

ሁለተኛውን ለማየት ደግሞ በቆዳው መካከል አንዲት ጉንዳን አስቀምጠው ወደ አንገቱ በኩል እንድትሄድ ያድርጓት። ቆዳው ዙሪያውን ፍጹም እኩል ቢሳብ እንኳ፣ ለእርሷ ከፊቷ ያሉት ነጠብጣቦች በዝግታ፣ ከኋላዋ ያሉት ደግሞ በፍጥነት የሚርቋት ይመስላታል። እንዲህ ያለ ወደ አንድ ወገን ያጋደለ ልዩነት ስናይ መጀመሪያ የምንጠረጥረው ቆዳውን ሳይሆን የራሳችንን እግር ነው። እኛም በእርግጥ ጉንዳን ነን፤ ምድር በፀሐይ ዙሪያ በሰከንድ 30 ኪሎ ሜትር ትጓዛለች፣ ፀሐይ ፍኖተ ሐሊብ የተባለውን ጋላክሲያችንን በሰከንድ ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ትዞራለች፣ ጋላክሲያችንም ከጎረቤቶቹ ጋር በአካባቢው ባለው ግዙፍ ቁስ አካል ስበት ይሳባል።

የመጀመሪያው ዓይነት፣ ማለትም የቁመትና የወርድ ልዩነት፣ ብርቱ ማስረጃ ቀርቦበታል። ፔንዚያስና ዊልሰን እ.ኤ.አ. በ1965 ያስታወቁት፣ ከሰማይ ሁሉ የሚመጣው ጥንታዊ የማይክሮዌቭ ጨረር፣ የተለቀቀው ጽንፈ ዓለም 380,000 ዓመት ገደማ ሲሆነው ነው። ያን ጊዜ 3,000 ኬልቪን ያህል ይሞቅ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ጠፈሩ 1,100 ጊዜ ያህል ስለተለጠጠ ጨረሩም አብሮ ተለጥጦ ዛሬ 2.725 ኬልቪን ሆኗል። እንግዲህ በአንዱ መስመር የተደረገው መለጠጥ ከሌላው በ1 በመቶ ብቻ ቢበልጥ ኖሮ፣ በዚያ መስመር የሚመጣው ጨረር በ1 በመቶ፣ ማለትም በ0.027 ኬልቪን ይቀዘቅዝ ነበር። ለሳተላይት መሣሪያ ይህ እንደ ተራራ የሚታይ ልዩነት ነው። እ.ኤ.አ. በ1989 የመጠቀችው ኮቢ፣ በ2001 የመጠቀችው ደብልዩማፕ፣ በ2009ም የመጠቀችው ፕላንክ የለኩት ግን፣ የራሳችን እንቅስቃሴ ከተቀነሰ በኋላ፣ ከ100,000 አንድ እጅ ያህል ልዩነት ብቻ ነው። ይህ ጨረር እስከ እኛ ሲደርስ መፍጠን የጀመረበትንም ዘመን አቋርጦ ስለመጣ፣ ምስክርነቱ የጥንቱን ብቻ ሳይሆን የቅርቡንም ጊዜ ያጠቃልላል። እ.ኤ.አ. በ2016 ከለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የመጡ ተመራማሪዎችና ባልደረቦቻቸው የፕላንክን መረጃ ይዘው እንዲህ ያለውን የአቅጣጫ ልዩነት በሚታወቁት መልኮቹ ሁሉ ፈልገው፣ ጽንፈ ዓለም በየአቅጣጫው እኩል የመስፋቱ ዕድል እኩል ካለመስፋቱ ዕድል ጋር ሲነጻጸር 121,000 ለ1 መሆኑን ዘግበዋል።

ከሒሳቡም ወገን አንድ ድጋፍ አለ። የፊዚክስ ሊቁ ሮበርት ዋልድ እ.ኤ.አ. በ1983 እንዳሳየው፣ የሚያፈጥነው ነገር አንስታይን እ.ኤ.አ. በ1917 ወደ ቀመሩ ያስገባው ቋሚ ቁጥር ከሆነ፣ ጽንፈ ዓለም ሲጀመር በአቅጣጫ የተዛባ ቢሆን እንኳ መፍጠኑ ራሱ መዛባቱን ጊዜ እየጠበቀ ያቃናዋል፤ ከዚህ የሚያመልጡት ጥቂት የተለዩ ሁኔታዎች ብቻ ናቸው። ስለዚህ የአቅጣጫ ልዩነት ቢገኝና እያደገ የሚሄድ ቢሆን፣ ጨለማ ኃይል ቋሚ ቁጥር አይደለም ማለት ይሆናል። (በአሪዞና የሚገኘው ዴዚ የተባለው መሣሪያ እ.ኤ.አ. በ2024ና በ2025 ጨለማ ኃይል እየደከመ ሊሆን ይችላል የሚል ፍንጭ ማቅረቡን ሰምተው ይሆናል፤ ያ ግን በጊዜ ስለሚመጣ ለውጥ እንጂ ስለ አቅጣጫ አይደለም።)

ሁለተኛው ዓይነት፣ የጉንዳኗ፣ እንዲህ በቀላሉ አይዘጋም፤ ተማሪዎ ያነሣውም ይኸው ነው። የማይክሮዌቩ ጨረር በአንድ ወገን በ3.4 ሺሕኛ ኬልቪን ገደማ ሞቆ፣ በተቃራኒው ወገን በዚያው መጠን ቀዝቅዞ ይታያል። ይህ ፀሐይ በሰከንድ 370 ኪሎ ሜትር ስለምትጓዝ የመጣ ነው ተብሎ ይወሰድና ከመረጃው ላይ ይቀነሳል። ወደ አንድ ወገን ያጋደለ እውነተኛ ልዩነት ቢኖር ከዚሁ ጋር አብሮ ሊቀነስ ስለሚችል፣ ጉዳዩን በሌላ ምስክር ማጣራት ያስፈልጋል።

እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው ጥናት የተጠቀመው ምስክር ሱፐርኖቫዎች ነበሩ። የተጠቀሙበት መዝገብ 740 ሱፐርኖቫዎችን ይዟል። ቁጥሩ ሲሰማ ሰማዩን ሁሉ የሸፈነ ይመስላል፤ ዝርዝሩ ሲታይ ግን 374ቱ የተገኙት በሰማይ ወገብ ላይ በተዘረጋ፣ ወርዱ 2.5 ዲግሪ ብቻ በሆነ ጠባብ ቀበቶ ውስጥ ነው፣ ይህም ከመላው ሰማይ 1 በመቶ እንኳ አይሞላም። ሌሎች 239 የተገኙት ደግሞ እያንዳንዳቸው አምስት ሙሉ ጨረቃ ያህል ስፋት ባላቸው አራት መስኮቶች ውስጥ ነው። በየቦታው የተበተኑት ቅርቦቹ 118 ናቸው። ቴሌስኮፕ አንዱን ቦታ ደጋግሞ ካላየ አዲስ ፍንዳታ ስለማያገኝ ይህ የሥራው ባሕርይ ነው፤ ሆኖም አራት ቀበሌ ጠይቆ ስለ አገሩ ሁሉ መናገር እንደሚያሳስብ ሁሉ፣ ይህም ማሳሰቡ ትክክል ነው። ይህን ጥያቄ በድፍረት በማንሣታቸው እኔ ተመራማሪዎቹን አመሰግናለሁ።

እነርሱ ያደረጉት እንዲህ ነው። ቀድሞ በመዝገቡ ላይ ለአካባቢያዊ እንቅስቃሴ የተደረጉት እርማቶች ከተወሰነ ርቀት በኋላ ድንገት የሚቆሙ በመሆናቸው አይታመኑም ብለው ሰረዟቸው፤ ልኬቱንም ከፀሐይ ሆኖ እንደሚታየው ወሰዱት። ከዚያ ሲያሰሉ መፍጠኑ ከማይክሮዌቩ ጨረር ማጋደል ጋር በአንድ አቅጣጫ የተሰለፈ ሆኖ አገኙት፤ በስታቲስቲክስ አነጋገር 3.9 ሲግማ፣ በአጋጣሚ የመከሰት ዕድሉ ከ10,000 አንድ ያህል ነው። በሁሉም አቅጣጫ እኩል የሆነው መፍጠን ግን ከዜሮ ብዙም የማይለይ ሆነ። እንግዲህ «ጨለማ ኃይል የሚባል ነገር የለም፤ የምናየው የራሳችን መንሸራተት ነው» ወደሚል መደምደሚያ ያመራል ማለት ነው።

በዓመቱ ዴቪድ ሩቢንና ጄሲካ ሃይትላውፍ የተባሉ ተመራማሪዎች መልስ ጻፉ። ዋና ዋና ነቀፌታቸው ሁለት ነበሩ። አንደኛው፣ ፀሐይ መንቀሳቀሷ እየታወቀ እንቅስቃሴዋን ሳያርሙ መለካት፣ ጉንዳኗ እየሄደች ቆሜያለሁ እንደ ማለት ነው የሚል ነው። ቁጥሩን ማየት ይረዳል፤ በሰከንድ 6,000 ኪሎ ሜትር በሚርቀን ቅርብ ሱፐርኖቫ ላይ 370 ኪሎ ሜትር 6 በመቶ ስሕተት ያስገባል፤ እጅግ ሩቅ በሆነው፣ ብርሃኑ በግማሽ እጥፍ በተለጠጠው ላይ ግን ስሕተቱ ከ1 በመቶ ግማሽ አይበልጥም። ስለዚህ ቅርቦቹ በአንድ ወገን ሲዛቡ ሩቆቹ ሳይዛቡ ይቀራሉ፤ መፍጠን የሚለካው ደግሞ ሁለቱን በማነጻጸር ስለሆነ፣ ወደ አንድ ወገን ያጋደለ «መፍጠን» በወረቀት ላይ ይፈጠራል። ሁለተኛው ነቀፌታ በሱፐርኖቫዎቹ ድምቀትና ቀለም ላይ የተደረገው እርማት፣ ከሩቅ የሚታዩት ደማቆቹ ብቻ መሆናቸውን በሚገባ አላገናዘበም የሚል ነው። እነዚህ ሲስተካከሉ መፍጠኑ ተመልሶ ይመጣል፣ ማጋደሉም ይጠፋል ይላሉ። የመጀመሪያዎቹ ጸሐፊዎች አልተቀበሉትም፤ የሙያው ሰዎች አብዛኞቹ ግን ተቀብለውታል፣ እኔም ይህኛው ወገን ሚዛን ይደፋል እላለሁ። ምክንያቴም የ2019ኙ ጥናት ራሱ ያገኘው ማጋደል ከጥቂት መቶ ሚሊዮን የብርሃን ዓመታት በኋላ እየከሰመ የሚሄድ መሆኑ ነው፤ ጽንፈ ዓለሙ ራሱ ወደ አንድ ወገን የሚፈጥን ቢሆን ኖሮ ርቀት ሲጨምር መክሰሙ አይጠበቅም ነበር፣ በቅርብ ብቻ መታየት የአካባቢያዊ እንቅስቃሴ ጠባይ ነው። ከዚህም ሌላ፣ የጽንፈ ዓለሙን መፍጠን የሚያሳዩት ሱፐርኖቫዎች ብቻ አይደሉም፤ የማይክሮዌቩ ጨረርና የጋላክሲዎች ስርጭት ተደምረው ወደዚያው ይመራሉ።

ይሁን እንጂ ነገሩ ሁሉ ተዘግቷል ብዬ አላታልልዎትም። እ.ኤ.አ. በ2020 መሠረታቸው ቦን የሆነ ተመራማሪዎች ከ800 በላይ የጋላክሲ ዘለላዎችን በኤክስሬይ አጥንተው፣ ዛሬ ያለው የመስፋት ፍጥነት (መፍጠኑ ሳይሆን ፍጥነቱ) በየአቅጣጫው የተለያየ መስሎ እንደታያቸው ጽፈዋል፤ ይህንንም የብዙ ጋላክሲዎች አብሮ መንጎድ ሊያስረዳው ይችላል። ለእኔ ይበልጥ እንቅልፍ የሚነሣው የኳሳሮቹ፣ ማለትም እጅግ ሩቅ የሆኑት ደማቅ የጋላክሲ እምብርቶች ጉዳይ ነው። ዝናብ ቀጥ ብሎ ሲወርድ የሚሮጥ ሰው ከጀርባው ይልቅ ደረቱ እንደሚረጥብ፣ የሚንቀሳቀስ ተመልካችም ከፊቱ ጥቂት የበዙ ኳሳሮችን ይቆጥራል። ኤሊስና ባልድዊን ይህን ፈተና ያቀረቡት እ.ኤ.አ. በ1984 ነው። ፀሐይ በሰከንድ 370 ኪሎ ሜትር የምትጓዝ ከሆነ በዚያ አቅጣጫ ቁጥሩ ከአማካዩ በ0.7 በመቶ ያህል መብለጥ ነበረበት። እ.ኤ.አ. በ2021 ዋይዝ የተባለችው ሳተላይት ከመዘገበቻቸው 1.36 ሚሊዮን ኳሳሮች ሲቆጠር ግን ብልጫው 1.5 በመቶ፣ ማለትም እጥፍ ሆኖ ተገኘ፤ አቅጣጫው ግን ያንኑ የሰማይ ክፍል ያመለክታል። ኳሳሮቹ በቢሊዮን በሚቆጠር የብርሃን ዓመት ስለሚርቁ «የአካባቢ ነገር ነው» ብሎ ማለፍ አይቻልም። ይህ መፍጠኑ እኩል አይደለም ማለት አይደለም፤ ነገር ግን የጉንዳኗን ርምጃ ስንቀንስ የምንቀንሰው ትክክለኛውን መጠን ስለመሆኑ ጥያቄ ያስነሣል፤ ስለ አቅጣጫ የምንሰጠው መልስ ሁሉ የቆመው ደግሞ በዚያ ቅነሳ ላይ ነው።

በቺሊ ተራራ ላይ የተተከለውና እ.ኤ.አ. በሰኔ 2025 የመጀመሪያ ምስሎቹን ያሳየው የቬራ ሩቢን ቴሌስኮፕ የደቡቡን ሰማይ ለአሥር ዓመት በየጥቂት ቀኑ ደጋግሞ ስለሚያይ፣ ሱፐርኖቫዎች ከጠባቡ ቀበቶና ከአራቱ መስኮቶች ወጥተው በሰፊው ሰማይ ላይ መቆጠር ይጀምራሉ። ተማሪዎ ጠይቆ የተቀመጠው፣ በዓለም ላይ ባሉ ሰፊ የምርምር ቡድኖች ዛሬም እየተሠራበት ያለ ጥያቄ መሆኑን ቢነግሩት መልካም ነው።

ጥያቄ፦ ባለፈው እትም ፀሐይ ከነጓዟ በሰከንድ 370 ኪሎ ሜትር ትጓዛለች ብላችሁ ነበር። ወዴት ነው የምንሄደው? አቅጣጫውን ከአዲስ አበባ ሆኖ በዓይን ማየት ይቻላል?
የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ ይቻላል፤ ለዚህም ቦታችን የተመቸ ነው። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ስለሆነች፣ በዓመት ውስጥ ከሰማዩ የማይታየን በደቡብ ጫፍ ያለው ትንሽ ክብ ብቻ ነው። የምንጓዝበት አቅጣጫ አሰድ ከሚባለው ኅብረ ከዋክብት በስተደቡብ ይገኛል። ሬጉለስ የተባለውን የአሰድ ደማቅ ኮከብ ካገኙ በኋላ እጅዎን ዘርግተው ወደ ደቡብ ምሥራቅ ሁለት ጡጫ ተኩል ያህል ይለኩ። እዚያ ቦታ ላይ የተለየ ደማቅ ኮከብ የለም። በየካቲት መጨረሻና በመጋቢት መጀመሪያ፣ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ተኩል ገደማ፣ ቦታው ከራስዎ በላይ ጥቂት ወደ ደቡብ ዘንበል ብሎ ይቆማል። ፍጥነቱን ለመገመት፣ በቀጥታ መስመር ከአዲስ አበባ እስከ ባሕር ዳር ያለው ርቀት 320 ኪሎ ሜትር ያህል መሆኑን ያስቡ፤ ያንን ከአንድ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ እንጨርሰዋለን።

ተቃራኒው፣ ማለትም ትተነው የምንሄደው የሰማይ ክፍል፣ በአናታችን ላይ ሊባል በሚችል ሁኔታ የሚቆመው በመስከረም መግቢያ ነው። የእንቁጣጣሽ ሌሊት ከሌሊቱ 6 ሰዓት ከሩብ ገደማ ደመናው ከገለጠ ቀና ብለው ይመልከቱ፤ ከአናትዎ በላይ የሚያዩት ከኋላችን የቀረውን ነው፣ የምንሄድበት ደግሞ በእግርዎ ሥር፣ ከምድር ማዶ ይገኛል።